ትርፉ ለሃይማኖት፣ ኪሳራው ለሰውየው፦ ከኪጋሊ እስከ ኪቤሆ

ነሐሴ 4፣ ኪጋሊ

ከአዲስ አበባ ስንነሳ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ኪጋሊ የተቀበለን ቀይ አቧራ ነው። እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እነሱ በጋ ላይ ናቸው። ሰዓታቸውም ከእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያል። ጋሼ የእጅ ሰዓቱን ማስተካከል እምቢ አለ። "ጾሜን በአገሬ ሰዓት ነው የምፈታው" አለ።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወደ 60 ተጠግቷል። ፍልሰታን አንድም ቀን ሳያጎድል የሚጾም ሰው ነው። ሩዋንዳን ያውቃታል። በ1994 የሁቱ አክራሪዎች በቱትሲዎች ላይ ያካሄዱት ጭፍጨፋ ካለቀ በኋላ ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ሰላም አስከባሪ ስትልክ እሱ ወጣት ወታደር ነበር። (የምጠቅሳቸው የሩዋንዳ ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ አንዲት ተፈናቃይ ሴት በኪቤሆ ተገለጠች ስለምትባለው ማርያም ነገረችው። "ሳልሳለማት አልሞትም" ሲል 30 ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ትኬቱን ቆረጥኩለት። ብቻውን ልልከው ስላልፈለግኩ አብሬው መጣሁ።

አየር ማረፊያው ላይ በሶውን የያዘበትን ፌስታል ወሰዱበት። ሩዋንዳ ፌስታል የከለከለችው ከ2008 ጀምሮ ነው። በሶውን አልነኩም፣ ፌስታሉን ብቻ። ጋሼ በሶውን በነጠላው ቋጥሮ ሲወጣ "ዱቄት ይዤ እንድገባ ፈቅደው ላስቲክ ከለከሉኝ" እያለ ይስቃል።

ክርክራችን ግን ገና አውሮፕላን ውስጥ ነው የጀመረው። ስለምናያቸው ቦታዎች እያነበብኩለት ነበር። ከጭፍጨፋው በፊት ከ10 ሩዋንዳዊ 9ኙ ክርስቲያን ነበር። ብዙ ሰው ያለቀው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና "ጥፋቱ የሰው ነው። ሃይማኖት ምን አጠፋ?" አለ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ነገር ሁሉ መዝገብ ሆኖ ነው የሚታየኝ። "ጋሼ፣ አንድ አማኝ ደግ ሲሠራ 'ሃይማኖቱ ነው' ትላለህ። ክፉ ሲሠራ 'ሰውየው ነው' ትላለህ። ትርፉን ለሃይማኖቱ፣ ኪሳራውን ለሰውየው መዝግቤ ኦዲተር ፊት ብቀርብ መዝገቡን ፊቴ ላይ ነው የሚወረውርልኝ" አልኩት።

"አንተ እግዜርንም ደረሰኝ ልትጠይቀው ነው" ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ነሐሴ 5፣ ኒያማታና ንታራማ

በጠዋት ታክሲ ተከራይተን ወደ ደቡብ ወረድን። ሾፌሩ ከየት እንደመጣን ጠየቀ። "ኢትዮጵያ" ስንለው ሳቀ። "ሩዋንዳዊ መስላችሁኝ በኪንያርዋንዳ ላወራችሁ ነበር" አለ። ጋሼ ደስ አለው። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተላወሰ። ምክንያቱን ከ15 ደቂቃ በኋላ የኒያባሮንጎ ድልድይ ላይ ነገርኩት።

ኒያባሮንጎ ሰፊ አይደለም። ውሃው ቡና በወተት ይመስላል፤ ዳርና ዳሩ ደንገል ነው። በኅዳር 22 ቀን 1992 ሊዮን ሙጌሴራ የሚባል የገዥው ፓርቲ ሰው ካባያ በምትባል ቦታ ሕዝብ ሰብስቦ ንግግር አደረገ። ለቱትሲዎቹ "አገራችሁ ኢትዮጵያ ነው፣ በኒያባሮንጎ በኩል ቶሎ እንድትደርሱ እንልካችኋለን" አለ። በ1994 ያለው ሆነ። ሬሳው በወንዙ ወርዶ፣ በአካጌራ በኩል ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። የኡጋንዳ አሳ አጥማጆች እያወጡ ቀበሩት። ሙጌሴራ ከካናዳ ተላልፎ ተሰጥቶ በ2016 ኪጋሊ ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ለኢትዮጵያዊ ይሄ ድልድይ የሌላ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። ስማችን ለግድያ መጠሪያ ሆኗል። ይሄ ሁሉ ከየት መጣ ቢባል ደግሞ ክሩ ተጎትቶ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ይደርሳል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን የኖኅን ልጅ የካምን ታሪክ ይዘው፣ አፍሪካ ውስጥ ያዩትን ሥርዓት ያለው መንግሥት ሁሉ "ከውጭ የመጡ የካም ዘሮች የሠሩት ነው" አሉ። ተጓዡ ስፒክ በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ የሐይቆቹን አካባቢ ገዥዎች ከሐበሻ ምድር የመጡ አደረጋቸው። ሚሲዮናውያኑ ይህንኑ በትምህርት ቤት አስተማሩት። ቅኝ ገዥዎቹ ቤልጂጎች በ1930ዎቹ መታወቂያ ላይ ጻፉት። መጀመሪያ ቱትሲውን ከፍ ለማድረግ ነበር የጠቀመው። ጊዜው ሲገለበጥ ያው ተረት "እንግዳ ናቸው፣ ወደ መጡበት ይሂዱ" ሆነ።

"ካም እኮ አልተረገመም" አለ ጋሼ ወዲያው። "የተረገመው ከነዓን ነው። ዘፍጥረት 9ን አንብብ።"

ልክ ነው። ደግሞም ወንዙ ኢትዮጵያ አይደርስም። ነጭ አባይ ሆኖ ካርቱም ላይ ነው ከአባያችን ጋር የሚገናኘው። መጽሐፉንም ካርታውንም የተሳሳተ ሰው ያንን ሁሉ ሕዝብ ማስጨረስ ይችላል።

ኒያማታ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ ተራ የጡብ አዳራሽ ነው። ጋሼ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። አስጎብኚዋ ወጣት ሴት ናት። "ግዴታ አይደለም፣ አሁን መታሰቢያ ነው" አለችው። ከመናገሯ በፊት ግን በካልሲው ገብቶ ነበር።

አግዳሚዎቹ በሙሉ ልብስ ተከምሮባቸዋል። የሟቾች ልብስ ነው። ቀለሙ ሁሉ ወደ አንድ የአፈር ቀለም ተለውጧል። የሕፃን ሹራብ፣ የአበባ ጉርድ፣ አንድ እግር ጫማ። ቀና ስል ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል። የቦምብ ፍንጣሪና ጥይት የበሳው ነው። በየቀዳዳው የገባው የፀሐይ ብርሃን ልብሱ ላይ ሳንቲም ሳንቲም እያከለ ወድቋል። መንበሩ ላይ ያለው ጨርቅ የደም እድፉን እንደያዘ ነው። አጠገቡ መቁጠሪያና መታወቂያ ካርዶች አሉ፣ ሁቱ ወይስ ቱትሲ የሚለው መስመር በግልጽ ይነበባል። እዚህ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደተገደለ ነገረችን። በግቢው ውስጥ የተቀበረው፣ ከአካባቢው የተሰበሰበውን ጨምሮ፣ ከ45 ሺህ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያዘኝ። "ለምን ወደዚህ መጡ?" ብዬ ጠየቅኳት። "በፊት ያዳናቸው እዚህ መግባት ስለነበር ነው" አለች። በ1992 በዚሁ በቡገሴራ አካባቢ ግድያ ሲነሳ ሰው ሸሽቶ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ተርፏል። ያኔ ቶኒያ ሎካቴሊ የምትባል ጣሊያናዊት የሚሆነውን ለውጭ ሬዲዮ በስልክ ተናገረች፤ ተገደለች። መቃብሯ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ነው። የዚያን ጊዜው ሕዝብ መዳኑን አስታውሶ በ1994 ወደዚያው ጣራ ተመለሰ። ገዳዮቹም የት እንደሚያገኙት አወቁ። በሩ ተቆልፎ ነበር። የብረቱን በር በቦምብ ነው የከፈቱት፣ ተጣምሞ እንደቀረ ነው።

ይህን ስሰማ የክርክራችን ጥያቄ ተለወጠብኝ። ገጀራውን ሃይማኖት አላስያዘም። ሰውን አንድ ጣራ ሥር የሰበሰበው መተማመን ግን የሃይማኖት ነው።

አስጎብኚዋ ልትሸኘን ስትል "እናንተ አገርስ ሃይማኖቶቹ እንዴት ናቸው?" አለችን። ጋሼ ፈጠን ብሎ "እኛ አገር ክርስቲያንና እስላም አብሮ ነው የሚኖረው። የነቢዩ መሐመድን ሰዎች የተቀበለው የእኛ ንጉሥ ነው" አላት። ውሸት አይደለም። እኔ ወለሉን አየሁ። እሷም ያየች መሰለኝ።

ንታራማን ብዙ አልጽፍበትም። 5 ሺህ ሰው ያህል ያለቀባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍሏ ውስጥ ሕፃናት የተገደሉበት አንድ ግድግዳ አለ። ጋሼ ወጣትነቱን ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ሲያስተምር ነው ያሳለፈው። ከዚያ ክፍል ወጥቶ ታክሲው ውስጥ ገባ። ኪጋሊ እስክንደርስ አልተናገረም። 9 ሰዓት ላይ ድንችና ባቄላ ቀረበለት። ድንቹን እንደ ሙዳ ስጋ አላምጦ አላምጦ ተወው።

ነሐሴ 6፣ ኒያሚራምቦ

ዛሬ ቀለል ይበለን ብለን ወደ ኒያሚራምቦ ሄድን። የኪጋሊ መርካቶ በሉት፣ በጣም ንፁህ የሆነ መርካቶ። ፀጉር ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ቻፓቲ፣ መስጊድ። ሞተር ሳይክል ላይ ስንፈናጠጥ ለጋሼ የሰጡት ሄልሜት ጠበበው። ነጠላውን አጣጥፎ ኪሱ ከቶ፣ ሄልሜቱን ጆሮው ላይ ሰቅሎ፣ "ማርያም ማርያም" እያለ ቁልቁለቱን ወረደ።

ይሄ ሰፈር የእስላሞች ሰፈር በመባል ይታወቃል። በ1994 እዚህ ብዙ ሰው ተደብቆ ተርፏል። በጭፍጨፋው ጊዜ የሩዋንዳ ሙስሊሞች ከሌላው ሲነጻጸሩ እጃቸው ንፁህ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላም የቀድሞ እምነታቸውን ትተው ወደ እስልምና የገቡ ብዙ ነበሩ። ጋሼ ይህን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። "እንግዲህ ትርፉ ለየትኛው ሃይማኖት ይመዝገብ?" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሻይ ጋበዙን። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል። "ሃይማኖታችሁ ነው ያዳናችሁ?" አልኳቸው። መርፌያቸውን ክር እያስገቡ ቆዩ።

"ሃይማኖታችን አትግደል ይላል። የእነሱስ አይልም?" አሉ። "በቅኝ ግዛት ዘመን ጥሩ ትምህርት ቤት የካቶሊክ ነበር። እኛን አይፈልጉንም። ሥልጣን ጋ የሚያደርስ መንገድ አልነበረንም። ኢማሙ ከሚኒስትር ጋር እራት አይበላም ነበር። ስለዚህ የመግደያው ቀን ሲመጣ ማንም አልጋበዘንም።" ቀጥለው ደግሞ "ሁላችንም አይደለንም። ንጌዜም እስላም ነበር" አሉ።

እውነት ነው። ሀሰን ንጌዜ የካንጉራ ጋዜጣ አዘጋጅ ነው። በታኅሣሥ 1990 "አሥሩ የሁቱ ትእዛዛት" የሚለውን መርዝ ያተመው እሱ ነው። የእስላም እጅ፣ በሙሴ ጽላት ቅርጽ፣ ለካቶሊክ አንባቢ። የሩዋንዳን ጭፍጨፋ የዳኘው የአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ፈርዶበት፣ በይግባኝ ወደ 35 ዓመት ወረደለት።

ሰውየው የነገሩን ነገር ከእኔም ከጋሼም መልስ ይሻላል። እንደሳቸው አባባል የመጽሐፉ ይዘት ብቻውን ብዙ አልወሰነም። ሃይማኖቱ ከሥልጣን በምን ያህል ርቀት ላይ ነው የቆመው? ዋናው እሱ ነው። የኪጋሊው ሊቀ ጳጳስ ቪንሰንት ንሴንጊዩምቫ ለብዙ ዓመታት የገዥው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ጳጳስ የፓርቲ ስብሰባ ላይ እጅ ያወጣበት አገር ውስጥ፣ መንግሥት "ጠላት" ያለውን ሰው የመንደር ቄስ "ወንድም" ለማለት ምን ያህል ወኔ እንደሚጠይቀው አስቡት።

ሻዩን ስንጨርስ ሽማግሌው የጋሼን ነጠላ ጥለት በጣታቸው ዳሰሱ። "የእጅ ሥራ ነው?" አሉ። ስለ ጥለት ግማሽ ሰዓት ተወራ። ጋሼ በሁለት ቀን ውስጥ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው።

ነሐሴ 7፣ ኒያንጌ

ወደ ኪቡዬ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ሩዋንዳን የሺህ ኮረብታ አገር ይሏታል። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱ አፍንጫውን ለሚነካ ሰው ግን ሺህ ብቻ አይደለችም። አንዲት እናት ልጇን ጋሼ ጭን ላይ አስቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጁም ተኛ። ጋሼም ተኛ።

ኒያንጌ ኮረብታ ላይ ያለች መንደር ናት። የድሮው ቤተ ክርስቲያን የለም። የያኔው ቄስ አባ አታናስ ሴሮምባ ይባላል። በሚያዝያ 1994 ቢያንስ 1,500 ሰው ሸሽቶ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሕንፃው በቦምብና በእሳት አልበገር ሲላቸው ገዳዮቹ ዶዘር አመጡ። የይግባኝ ፍርዱ እንደሚለው ሴሮምባ ማፍረሱን ተቀብሏል፤ ለዶዘር ሾፌሩም የቤተ ክርስቲያኑን ደካማ ጎን አሳይቶታል። ቄስ ነውና ሕንፃውን ያውቀዋል። ጣራው ሰዎቹ ላይ ወረደ።

ሰውየው ከዚያ ጣሊያን ገባ። ስሙን ቀይሮ ፍሎሬንስ አካባቢ ቅዳሴ ይቀድስ ነበር። ቅዳሴ! እኔ ባላምንም ይህን ሳነብ የተሳደብኩት ጋሼ የማይወደው ስድብ ነው። በ2002 እጁን ሰጠ። በ2006 አሩሻ ላይ 15 ዓመት ተፈረደበት። ይግባኝ ሲጠየቅ በ2008 ወደ ዕድሜ ልክ ከፍ አለ።

ጋሼ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመ። ጫማውን አልፈታም። አልገባም።

ከዚያው ኒያንጌ ሌላም ታሪክ አለ። በመጋቢት 18 ቀን 1997 ማታ ታጣቂዎች የኒያንጌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ተማሪዎቹን "ሁቱ በዚህ፣ ቱትሲ በዚያ" አሏቸው። ተማሪዎቹ "ሩዋንዳውያን ነን" ብለው አንለይም አሉ። ተኮሱባቸው። ዛሬ የአገሪቱ ጀግኖች ተብለው ይዘከራሉ። ቄሱ ያልቻለውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቻሉት።

ማታ ሙሃንጋ አደርን። ሆቴሉ በረንዳ ላይ ክርክሩ እንደገና ተነሳ። የሩዋንዳ ካቶሊክ ጳጳሳት በኅዳር 2016 ይቅርታ የጠየቁበትን መግለጫ ጠቀስኩለት። ቤተ ክርስቲያን ማንንም ክፉ እንዲሠራ አልላከችም፣ ነገር ግን ክፉ ስለሠሩት አባሎቿ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ የሚል ነው ሐሳቡ። ጋሼ "ታዲያ ምን ጎደለው?" አለ።

"አንተ አውሮፕላን ውስጥ ያልከውን ነው የደገሙት" አልኩት። "ሰው ነው፣ ቤቱ አይደለም። የሩዋንዳ መንግሥት ይሄ አይበቃም አለ። ከአራት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 2017፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ካጋሜን ሲቀበሉ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷና ስለ አባሎቿ ኃጢአትና ድክመት ይቅርታ ለመኑ። ልዩነቱ ይታይሃል? አንዲት ቃል ናት።"

"ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት አለባት ማለት ለእኔ ከባድ ነው።"

"ለእሳቸውም ሳይከብዳቸው ቀርቶ አይደለም።"

ዝም አለ። ከዚያ "አንተስ?" አለኝ። "የማታምነው ልጅ፣ አንተ ይቅርታ የምትጠይቅበት ቤት የለህም። እሱ አይቀልልህም?"

ይቀላል። በጣም ይቀላል። ለዚያም ይመስለኛል እንዲህ አንደበተ ርቱዕ የሆንኩት።

ነሐሴ 8፣ ሁዬ

ሁዬ የድሮዋ ቡታሬ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ከተማ። ምሳ ላይ ኢሶምቤ አዘዝን። ተወቅጦ የተቀቀለ የካሳቫ ቅጠል ነው፣ ጎመንን ያስታውሳል። ጋሼ አስተናጋጁን "ስጋ አለው? ቅቤ አለው? ዓሣስ?" እያለ መረመረው። የለውም ተባለ። ሁለት ሰሃን በላ።

ሶቩ ከከተማው ቅርብ ነው። እዚያ ባለው የቤኔዲክቶስ ገዳም ሸሽቶ የመጣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ሁለት መነኮሳት፣ ሲስተር ገርትሩድና ሲስተር ማሪያ ኪሲቶ፣ ገዳዮቹን በመርዳት በሰኔ 2001 ብራስልስ ላይ ተፈርዶባቸዋል። ለአንዷ 15 ዓመት፣ ለሌላዋ 12። ልንሄድ አስበን ነበር። ጋሼ "ይብቃኝ" አለ። አልተከራከርኩም።

ይልቅ እሱ አንድ ታሪክ አመጣ። ትናንት ማታ በስልኩ ሲያነብ አግኝቶት ነው፤ ለዚህ ነው በጠዋት የነቃው። ፌሊሲቴ ኒዪቴጌካ ትባላለች። ሕይወቷን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሰጠች ሁቱ ናት። ጊሴኒ ውስጥ ያሸሸቻቸውን ቱትሲዎች ወደ ኮንጎ ድንበር ታሻግር ነበር። ወንድሟ የጦር መኮንን ነው። "ሊገድሏችሁ ነው፣ አንቺ ውጪ" ብሎ ላከባት። ከሰዎቼ ተለይቼ አልወጣም አለች። በሚያዝያ 21 ቀን 1994 ከእነሱ ጋር ገደሏት።

"ይቺን የት ትመዘግባታለህ?" አለኝ።

"ለሃይማኖቷ።"

"እነዚያን ሁለቱንስ?"

"እነሱንም ለሃይማኖታቸው። ሁለቱንም ወገን ወይ አስገባ ወይ አውጣ ነው ያልኩህ።"

ሹካውን አስቀመጠ። "እሺ" አለ። አጎቴ "እሺ" ሲለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ አላስታውስም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 9፣ ኪቤሆ

በፈረንጆቹ ነሐሴ 15 ነው። ካቶሊኮቹ የእመቤታችንን ዕርገት ዛሬ ያከብራሉ። የእኛ ፍልሰታ ገና ሊፈታ ሳምንት ይቀረዋል። መንገዱ በእግረኛ ተሞልቷል። ከኡጋንዳ፣ ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲ የመጣ አለ። ጫማውን አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ የሚሄድ አለ። ጋሼ "ግሸን መሰለኝ" አለ። እኔን ቁልቢ ነው የመሰለኝ፣ ሻጩ በዝቷል። መቁጠሪያ፣ ሻማ፣ ትንንሽ ጀሪካን።

በኅዳር 28 ቀን 1981 እዚህ ባለው የሴቶች ትምህርት ቤት አልፎንሲን ሙሙሬኬ የምትባል ተማሪ ማርያምን አየሁ አለች። ከእሷ ሌላ ሁለት ልጆችም አዩ። በነሐሴ 1982 ደግሞ ልጆቹ ደም የሚወርድበት ወንዝ አየን ብለው በሕዝብ ፊት አለቀሱ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራእዩን በ2001 ተቀበለች። በሚያዝያ 1994 የኪቤሆ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጠለሉ ሺዎች አለቁ፤ ሕንፃው ነደደ። በሚያዝያ 1995 ደግሞ እዚሁ ኮረብታ ላይ የአዲሱ መንግሥት ወታደሮች የተፈናቃዮች ካምፕ ውስጥ ተኩሰው ሌላ ብዙ ሰው ሞተ።

ይሄኛውን ጋሼ ያውቀው ነበር። "ይሄኛው ላይ ቄስም የለ፣ ጸሎትም የለ" አለ። "ወታደር ነው። እኔም ወታደር ነበርኩ። ለማን ትመዘግበዋለህ?"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ቅዳሴው በሜዳ ላይ ነበር። ከበሮ አለ፣ እልልታ የሚመስል አለ። ጋሼ ካቶሊክ ስላልሆነ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆመ፤ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ የራሱን ውዳሴ ማርያም ደገመ። ከዚያ ወደ ምንጩ ወረድን። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊታችን ያሉ አንዲት አሮጊት፣ ጋሼ ጀሪካናቸውን ስቦ ሊሞላላቸው ሲል፣ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥለው ፊቱን አዩት። በኪንያርዋንዳ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። አልገባንም። ከእሳቸው ኋላ ያለ ልጅ ተረጎመልን። "ይሄ ልጅ የማን ነው? ከየትኛው ኮረብታ ነው? እያሉ ነው።" ጋሼ "ከኢትዮጵያ ነኝ በላቸው" አለ። ልጁ ነገራቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቅንቀው ጀሪካናቸውን ለጋሼ አቀበሉት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ተጠግኖ ዛሬም ይጸለይበታል፤ መታሰቢያውም እዚያው ነው። ጋሼ ጫማውን ፈታ። ከሻጮቹ ሁለት ሻማ ገዝቶ ነበር። አንዱን ለኮሰ። ነፋስ ነበርና በመዳፉ ከልሎ ቆየ፤ ሰሙ ጣቱ ላይ ሲንጠባጠብ አላነሳም።

ሁለተኛውን በበሶው ነጠላ ጠቅልሎ ቦርሳው ከተተ።

"ያኛውስ?" አልኩት።

"ያ የአገር ቤት ነው" አለና ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።